የእትዬ ሐሙስ ክር

ይድረስ ለሚዜዬ፤

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ደረጃ ስትወጣ ዛሬም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ወይስ ዘይት የሚያጠጣልህ ሐኪም አገኘህ? ልጅህ፣ የልጅ ልጆችህ፣ ያ ሰው ትቶ የመኪና ጎማ የሚነክሰው ውሻህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ ሦስት ቀርቷል፤ ሦስቱም ተኳርፈው የየራሳቸው ሰፈር ይኖራሉ። ጤናህን የምጠይቀው ከልቤ ነው። ደግሞም አሁን ብትታመምብኝ የደበቅኸው ነገር አብሮህ አልጋ ላይ ስለሚውል ነው። ይኸው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ አመለጠኝ።

በዚህ ወር አራት ጊዜ ደወልኩልህ። በመጀመሪያው ቀን ራስህ አነሳህ፤ ገና «ያ የድሮው የክር ክፍል» ስልህ ሳል ያዘህና ተዘጋ። በሁለተኛው ልጅህ አንስታ «አባቴ ተኝቷል» አለችኝ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ! አንተ እኮ በሰርግህ ማግስት እንኳ ከወፍ ቀድመህ የተነሣህ ሰው ነህ። በሦስተኛው «ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዷል» አለች። የትኛውን ፀጉር፣ ሚዜዬ? በአራተኛው ከኋላዋ ቀስ ብሎ «የለም በይው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህ ጆሮ ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሲለካ የኖረ ጆሮ መሆኑን ረሳኸው። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤ ሳል አይዘጋውም።

ብርቱካኑም ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ግን ባለቤቴ ታማ፣ በቀዶ ጥገና ታክማ፣ ከሆስፒታል ወጥታ፣ ስምንት ወር ሙሉ አንተ አልመጣህም፤ ካርቶን ብርቱካን ነው የመጣው። ለጎረቤት ቢሆን እሺ። የሰርጌ ሚዜ ብርቱካን ልኮ ራሱ ከቀረ ግን አንድ የሚሸሸው ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ስለ እሷ ልንገርህ። ሐኪሙ ከጉሮሮዋ ያን ክፉ ነገር ነቅሎ ሕይወቷን ተወልን፤ ድምፅዋን ግን ይዞት ሄደ። አሁን አንገቷ ላይ በገመድ ያንጠለጠለችው ደብተር አላት፤ የምትለውን ትጽፋለች። ስድብ ሲሆን ከሥሩ ታሰምርበታለች። እኔን የሚመለከተው ገጽ መስመር ብቻ ሆኗል።

የልጅ ልጃችን፣ ያቺ ስትወለድ «አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ ምን አደረገችህ» ብለህ የቀለድክባት፣ ዛሬ እኛ በሠራንበት የቴሌቪዥን ቤት ሠራተኛ ናት። ድሮ የተቀረጹትን የቪዲዮ ክሮች ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። ባለፈው ወር መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «አባባ፣ ስልኬ ውስጥ ያለው የእማማ ድምፅ የሻከረው ነው። ሳይሻክር በፊት እንዴት ነበር?» አለችኝ። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ቀጭን ነው ልላት ነበር፤ አይደለም። ወፍራምም አይደለም። አምሳ ዓመት ትራሴ ላይ ያወራ ድምፅ እንዴት እንደነበር መናገር አቃተኝ። በልቤ ልሰማው ሞከርኩ፤ የመጣልኝ የዜና አንባቢው ድምፅ ነው። ሚዜዬ፣ በቀልድ ይዤህ ብጀምርም ይህን ስነግርህ እየቀለድኩ አይደለም።

«በቴሌቪዥን ትሠራ አልነበር? የተቀረጸ አንድ እንኳ የለም?» አለች። «ጠፍቷል» አልኳት። «ማን አጠፋው?» አለች። የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁት።

በኋላ አሠራራችንን ሳጫውታት አላመነችኝም። በቤቱ ውስጥ ያለው ክር ስልሳ ጥቅል ብቻ እንደነበር፣ አንዱ የትሪ ያህል እንደሚሰፋ፣ አዲስ ለማስመጣት ዓመት እንደሚፈጅ ነገርኳት። ፕሮግራሙ ይተላለፋል፤ ሁለት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ የሚጠፋው ዝርዝር ይወጣል፤ አንተ ከክር ክፍል አውጥተህ ታመጣለህ፤ እኔ በላዩ ሌላ እቀርጻለሁ። እኛ ዘንድ ማጥፋት ማለት ያ ነበር። «ታዲያ ማንም አላለቀሰም?» አለችኝ። የኔ ልጅ፣ ከበላሽ በኋላ ሳህን ሲታጠብ ታለቅሻለሽ? አልኳት። ሳህኑ ለነገም ይፈለጋላ።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ። ዘንግቼዋለሁ እንዳትለኝ።

በየሐሙሱ ባለቤቴ የተመልካቾችን ደብዳቤ ታነብ ነበር። ሕዝቡ ስሟን ትቶ «እትዬ ሐሙስ» ይላት ነበር፤ ገበያ ስትወጣ ነጋዴው ሁሉ «እትዬ ሐሙስ፣ የኔ ደብዳቤ መቼ ነው?» ይላታል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ በየሳምንቱ አይቀርም፤ «የዘወትር ተመልካችዎ» ብሎ ይፈርማል፤ በወይን ጠጅ ቀለም ይጽፋል። እኔ ሳቅሁ። አንድ ሥራ ያጣ መምህር ነው አልኩ። የመጨረሻው ፕሮግራም ቀን ግን ያ ሰው ምን ብሎ ጻፈ? «አሳዛኝ ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት ከጠረጴዛው ሥር ጫማዎን ያወልቃሉ» አለ። እሷም በአየር ላይ አነበበችውና ሳቀች። እኔ መቅረጫ ክፍል ሆኜ ማያውን አየሁ። ማያው የሚያሳየው ከጠረጴዛው በላይ ነው። ጫማዋን ማየት የሚችል ተመልካች በየትኛውም ቤት የለም፤ በስቱዲዮው በር በኩል ጥቅል ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ካልሆነ በቀር። ደግሞ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የወይን ጠጅ ቀለም እስክሪብቶ የነበረው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የጥቅሎቹ ቁጥር የሚጻፍበት ክፍል።

አልተጣላሁህም። አልጠየቅሁህም። እኔ ሰው በፊት ለፊት አልጠረጥርም፤ አመሌን ታውቀዋለህ። ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ መንገር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዝርዝሩ ተተይቦ ሲመጣ በገዛ እጄ «አርባ ሰባት» ብዬ ከታች ጨመርኩበት። አርባ ሰባት ቁጥር ጥቅል እሷ ነበረች። ሁለት ሳምንቷ አልሞላም፤ ያለፉት ሐሙሶች ግን ሁሉ ጠፍተው እሷ ብቻ ነበረች የቀረችው። ፊትህን ማየት ነበር የፈለግሁት። ዝርዝሩን ሰጠሁህ፤ አነበብከው፤ «እሺ» አልክና ፈረምክ። የቅንድብህ ፀጉር እንኳ አልተነቃነቀም። ተንፈስ አልኩ። «ሚዜዬን በከንቱ አማሁት» ብዬ በዚያው ቀን ምሳ ጋበዝኩህ፤ ሁለት ሰው የሚበላውን በላህ።

ከሰዓት ጥቅሉን አመጣህ። ደንባችን እንዴት ነበር? በላዩ ከመቅረጽ በፊት የመጀመሪያዋን ደቂቃ አጫውቶ ማየት፤ ትክክለኛው መሆኑን ማረጋገጥ። በሠላሳ ዓመት ይህን ደንብ የዘለልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ፊቷን እያየሁ ልጫነው አልቻልኩም። ወደ ግድግዳው ዞሬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት፤ የልብስ ስፌት ትምህርቱ ተቀረጸበት። ማታ ቤት ስገባ «ሐሙሴስ?» አለችኝ። «የፕሮግራም ኃላፊው አስጠፋው» አልኳት። እራቷን አቀረበች፤ በላን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚስቴን ድምፅ በዚህ ጣቴ አጠፋሁ እያልኩ ኖሬአለሁ።

በአሥረኛው ቀን ደግሞ ያንተ ጉድ ወጣ። የስፖርት ክፍሉ ወደ አንድ ሰዓት ያሳጠረውን የዋንጫውን ፍጻሜ ጨዋታ ፈለገ፤ የለም! «በስህተት ለማጥፊያ ሰጥቼዋለሁ» አልክ። አገር ተናወጠ። ከክር ክፍል አውጥተው ጄኔሬተር ቤት ስድስት ዓመት ዘይት ውስጥ ነከሩህ። እኔ ምን አደረግሁ? «ዋንጫ ቀባሪው» የሚል ስም አወጣሁልህ። ዘበኛው ሳይቀር በዚያ ስም ጠራህ። አንተም ስቀህ አለፍከው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነህ፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጃችን ኮምፒውተሯን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። አሮጌውን መዝገብ ገልብጣ «ሐሙስ፣ የመጨረሻው» ከሚለው አጠገብ አርባ ሰባት ቁጥርን አገኘች፤ መስመር ተሰርዞበት ያንተ ፊርማ አለበት። ወደ መደርደሪያው ብትሄድ ጥቅሉም አለ፤ ወደ ኮምፒውተሯ ገለበጠችው። የስፌቱ ትምህርት በየዓመቱ ስለሚደገም ሳይጠፋ ኖሯል፤ ርዝመቱ አርባ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ጥቅሉ የአንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ማንም ያልቀረጸበት፣ ከሥር የነበረው አሮጌው ይኖራል። «እማማ እዚያ ውስጥ ናት፤ ብቻዬን አላየውም ብዬ አመጣሁላችሁ» አለች። መነጽሬን አጠለቅሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ደብተሯ ትከሻዬን ይነካኛል።

መርፌ ይዛ የምታስተምረው ሴትዮ ተሰናበተች። ማያው ተንቀጠቀጠ፤ ነጭ ሆነ። ከዚያ የሰው ጩኸት ቤቱን ሞላው። ጭቃ ላይ የሚንደባለሉ ሃያ ሁለት ሰዎች! የልጅቷ ፊት ጠቆረ። «ቁጥሩ ተሳስቷል፤ ይቅርታ አባባ» አለች። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ ሦስት ለሁለት የሚለውን አየሁ። ያ ፍጻሜው ጨዋታ ነው። ያንተ ዋንጫ ነው። ዘወር ስል ባለቤቴ ትስቃለች። ሳቋ አሁን ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ምን እንዳሳቃት በዚያ ሰዓት አልገባኝም፤ ኳስ የሚያስቃት መስሎኝ ነበር።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የሚጠፉት ጥቅሎች ብዛት መሙላት አለበት፤ አንዱን ብታስቀር በምትኩ ሌላ ማምጣት ነበረብህ። የአንድ ሰዓት ጥቅል ደግሞ በዚያን ቀን መደርደሪያው ላይ ሦስት ብቻ ነበር፤ እሷ፣ ዋንጫው፣ እና ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ግንብ ሲመርቁ ያደረጉት ንግግር። የእሷን የቁጥር ወረቀት ልጠህ ዋንጫው ላይ ለጠፍከው። አይ ሚዜዬ! ምን ነበረበት ንግግሩን ብታጠፋ? መቶ ዓመት ቢሆን ማንም አይጠይቅህም ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውም ጭምር። ቸኩለህ ነው።

ከዚያ ካፖርቱ ትዝ አለኝ። በዚያ ሳምንት፣ አስፋልቱ በሙቀት ሲቀልጥ፣ አንተ የክረምት ካፖርት ለብሰህ ከበሩ ስትወጣ አግኝቼህ «ምነው?» ብልህ «ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ወባ ሳይሆን አይቀርም» አልከኝ። ግንባርህን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሆድህ ግን ወደፊት ወጥቷል። «ስንተኛ ወርህ ነው?» ብዬ አሳቅሁብህ። ዘበኛውም ስቆ ሳይፈትሽህ አሳለፈህ። ሚስቴን በካፖርት ውስጥ ይዘህ ስትወጣ በሩን ያስከፈትኩልህ እኔ ነኝ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነስቶኛል። የመጀመሪያዋን ደቂቃ አጫውቼ ባይ ኖሮ ጭቃውንና ኳሱን አይቼ ወዲያው እይዝህ ነበር። በዚያን ቀን እንደማላይ በምን አወቅህ? ሚስቴን እኔ ከማውቃት ይልቅ ታውቃት እንደነበር ጫማው ነግሮኛል። እኔንም ከእኔ ይልቅ ታውቀኝ ኖሯል?

እንግዲህ ጉዳዬ ይኸው። ክሩ አንተ ዘንድ ነው። አልጣልከውም፤ ስድስት ዓመት ጄኔሬተር ቤት የተቀመጠበትን ነገር ሰው አይጥልም። እነዚያን ጥቅሎች የሚያጫውት መሣሪያ በቤቱ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የሚጠግነው ሰውዬ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፤ መሣሪያውም በዚያው ቀን ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ክሩ በእጅህ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። የቀረን አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ልጅቷ እንደምትለው እንዲህ ያረጀ ክር ይጣበቃል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ግማሽ ቀን ማድረቅ ይፈልጋል፤ እሷ ታውቅበታለች። አንተ ብቻ ለማየት ብለህ እንዳትፈታው። አስተኝተህ አታምጣው፤ አቁመህ ይዘኸው ና። አውቶቡስ ውስጥ ከሞተሩ አጠገብ አትቀመጥ። ካፖርትም አያስፈልግህም፤ የሚፈትሽህ ዘበኛ ከሞተ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማር።

ብታፍር አፍረህ አትቅር። እኔ ዘንድም የሚያሳፍር አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ልጅቷ መዝገቡ ውስጥ ያንን ዝርዝር አግኝታዋለች። «አባባ፣ ከታች በእጅ የተጨመረው አርባ ሰባት የማን ጽሕፈት ነው?» ብላ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው። ዓይኔ ደክሟል አልኳት። አንተም ያን ዝርዝር በያዝክበት ቀን ጽሕፈቴን አውቀኸዋል፤ አርባ ስድስት ዓመት አልተነፈስክም። እንዲህ ብንስማማስ ብዬ አሰብኩ፤ አንተ ስለ ዝርዝሩ ሆድ ይፍጀው፣ እኔም ስለ ጫማው ሆድ ይፍጀው። ሁለት ሽማግሌ አንድ አንድ ምስጢር ይዞ ቢቀበር መሬቱ አይከብደውም።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለባለቤቴ ልንገራት ብዬ ቀረብኩ። ዝርዝሩን አላነሳሁም። «ያ ሐሙስሽ አልጠፋም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሚዜዬ ዘንድ ይመስለኛል፤ ግን ስልክ አያነሳም» አልኳት። ትገረማለች ብዬ ነበር። እርሳሷን አነሳች፤ አላሰበችም እንኳ። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰማያዊው ሻንጣ ውስጥ ነው። ቁልፉ ጠፍቶብኛል ካለህ አትመነው።»

አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። አንተ ቤት የሄድነው ባለቤትህ ያረፈች ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አብረን ሄድን፣ ሳሎን ተቀመጥን፣ አብረን ተመለስን። እኔ ሰማያዊ ሻንጣ አላየሁም። ስለ ቁልፍም የሰማሁት የለም።

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ልጠይቃት ነበር። ተውኩት። በጽሑፍ ብቻ የምትመልስን ሴት መጠየቅ ማስረጃ መጠየቅ ነው። ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሻንጣውን ካወቀች ክሩ ለምን እዚያ እንደገባ ጠይቃሃለች። ከጠየቀችህ ደግሞ ማን ሊያስጠፋው እንደነበር መልሰህላታል። እንደምታውቅ ሳላውቅ ስዋሽ፣ እሷ እያወቀች እራት አቅርባልኛለች። ያ ድምፅ በነበራት ጊዜ፣ ስንት ሐሙስ፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን አልነገረችኝም።

ልጅቷ ደግሞ ክሩን የምናይበትን አዳራሽ አዘጋጅታለች፤ ሦስት ወንበር። እኔ መሐል እቀመጣለሁ፤ ሽማግሌ ብሆንም ሙሽራው እኔ ነኝ። ቁልፉ ከጠፋ ሻንጣውን እንዳለ ይዘኸው ና፤ መዶሻ እኔ ዘንድ አለ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መንገዱን ያቅናልህ፤ ልጅህን እኔን ከመዋሸት ያሳርፋት። የልጅ ልጆችህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች፤ ከሥሩ አላሰመረችበትም።

የማይቀየምህ፣ ግን የማያምንህ፣

ሙሽራህ